ልጅን ሥራ ማልመድ፦ በሽልማት ወይስ አብሮ በመሥራት?

የማወራው ከ3 እስከ 7 ዓመት ስላሉት ልጆች ነው።

ወጪ፦ ሽልማት ብር ወይም ከረሜላ ይጠይቃል፤ እያደርም ይወደዳል። አብሮ መሥራት ገንዘብ አይፈልግም፣ ጊዜ ግን ይበላል። ከ4 ዓመት ልጅ ጋር ምስር ልቀሙና እዩት፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው።

ቅለት፦ ሽልማት ያሸንፋል። ቃል በገባችሁ በደቂቃ ውስጥ ጫማው ተደርድሯል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ስለረዱ ዕቃ የተሸለሙ የ20 ወር ሕፃናት በኋላ ላይ ለመርዳት ያላቸው ፍላጎት ቀንሷል። የተመሰገኑትና ምንም ያልተሰጣቸው ግን መርዳታቸውን ቀጥለዋል። ሽልማት የለመደ ልጅ ውሃ አቀብለኝ ሲባልም «ስንት ትሰጪኛለሽ?» ማለቱ አይቀርም። አብሮ የመሥራት ስጋት ቢበዛ የተሰበረ ብርጭቆ ነው።

ለማን ይሆናል? ልጁ ለሚጠላትና አንዴ ተሠርታ ለምታልቅ ሥራ ሽልማት ችግር የለውም። አልጋ ማንጠፍ፣ ሳህን ማንሳት፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ማዞር የመሳሰለው የዘወትር ሥራ ግን አብሮ ቢሠራ ይሻላል። ማታ ደክሞት የሚገባ ወላጅ ለቅዳሜና እሁድ ያቆየው።