ቨርቲካል፣ ትራክቦል ወይስ ተራ ማውዝ? እጅ ለሚያማቸውም ገና ላላመማቸውም

«ኧርጎኖሚክ»፣ ማለትም ለሰውነት የሚመች፣ የሚል ያልተጻፈበት የማውዝ ካርቶን ማግኘት እየከበደ ነው። ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ካለ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ጎማ ከተለጠፈለት፣ ስሙ ይሰጠዋል። ስለዚህ ካርቶኑን ትተን እጃችንን እንይ።

ነገሩን አስቀድሜ ልናገር፦ ጫናን ጨርሶ የሚያጠፋ ማውዝ የለም። እያንዳንዱ ቅርጽ ጫናውን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። አንዱ ክንዳችሁን አሳርፎ ትከሻችሁን ያሠራል። ሌላው አንጓችሁን አሳርፎ አውራ ጣታችሁን ያደክማል። የሥራ ባልደረባችሁ «ይሄን ከገዛሁ ወዲህ ተገላገልኩ» ቢላችሁ አልዋሸም። ግን እሱን ያመው የነበረው የት ነው? እናንተንስ?

የሚያማችሁን ቦታ ለዩ

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ እጃችሁ ሰው ሊጨብጥ እንደተዘረጋ በጎኑ ይሁን። አሁን መዳፋችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ድፉት። ከክርናችሁ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር ሲጠመዘዝ ይሰማችኋል። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ መዳፍ ሲደፋ አንደኛው በሌላኛው ላይ ይሻገራል። ተራ ማውዝ የያዘ ሰው እንዲህ ተጠምዝዞ ነው የሚውለው። ማታ ማታ ክንዳችሁ የሚዝል፣ ከክርን ዝቅ ብሎ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቦታ አንጓው ነው። እዚያ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፉበታል። እጅ ከአንጓው ወደ ላይ ቀና ብሎ ሲቆይ በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ነርቩ ሲጨነቅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ፤ የቀለበት ጣትም በአንድ ጎኑ። ትንሿ ጣት እዚህ ውስጥ የለችበትም። እሷ ከደነዘዘች ጥርጣሬው ወደ ሌላ ነርቭ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ክርን ይዞራል። ክርናችሁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተክላችሁ የምትውሉ ከሆነ የፈለጋችሁትን ማውዝ ብትገዙ አይፈታውም።

ሌሊት እጁ ደንዝዞ የሚነቃ፣ እያራገፈ የሚያፍታታ፣ ወይም ብርጭቆ ከእጁ የሚያመልጠው ሰው ማውዝ መምረጡን ትቶ መጀመሪያ ሐኪም ይይ። ይህ የዕቃ ጉዳይ አይደለም።

የቀሩት ሁለት ቦታዎች የአውራ ጣት ሥርና ትከሻ ናቸው። ወደ እነሱ እንመለሳለን፤ ምክንያቱም አንዳንዱ «መፍትሔ» የተባለ ማውዝ የሚያሳምመው እነሱን ነው።

ቨርቲካል፦ እንደ መጨበጥ

ቨርቲካል ማውዝ ያን የተጠመዘዘ ክንድ ይፈታዋል። እጅ በጎኑ ይቆማል፣ አጥንቶቹ ከመሻገር ይድናሉ። በብዛት የሚታወቁት የሎጂቴክ ሁለት ሞዴሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤምኤክስ ቨርቲካልና በ2022 የመጣው ሊፍት። የሁለቱም ዘንበል 57 ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ የቆመ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ያልሆነው በምክንያት ነው፤ በጣም ሲቆም ትክክለኛነቱ ይቀንሳል፣ ለመያዝም ያስቸግራል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ዋናው ልዩነት መጠን ነው። ኤምኤክስ ቨርቲካል ለትልቅ እጅ ነው፤ 135 ግራም ይመዝናል፣ በቻርጅ ይሠራል፣ የሚመጣውም ለቀኝ እጅ ብቻ ነው። ሊፍት ለትንሽና ለመካከለኛ እጅ ነው፤ 125 ግራም ነው፣ በአንድ ባትሪ ድንጋይ አምራቹ እንደሚለው እስከ 2 ዓመት ይቆያል፣ የክሊኩ ድምፅ አይረብሽም፣ ለግራኞችም የተሠራ አለው። እኔ ምረጥ ብባል፣ እጄ በጣም ትልቅ ካልሆነ በቀር፣ ሊፍትን ነው የማነሳው። ትልቁን ማውዝ በትንሽ እጅ መያዝ ጣቶችን ወደ ላይ ይለጥጣቸዋል። ያኔ ክንዱ ያረፈውን ያህል ጣቶቹ ይከፍላሉ።

ካርቶኑ ላይ የማይጻፍ ነገር ልንገራችሁ። ተራ ማውዝ ላይ ክሊክ ስታደርጉ ጣታችሁ ወደ ጠረጴዛው ነው የሚጫነው፤ ጠረጴዛው ይችለዋል። ቨርቲካል ላይ ግን ቁልፉ በጎን ስለሆነ ጣታችሁ ማውዙን ወደ ጎን ይገፋዋል። እንዳይንሸራተት አውራ ጣት ከወዲያ ማዶ መልሶ መግፋት አለበት። ክሊኩ ጠንካራ በሆነ ርካሽ ቨርቲካል ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ከርሰሩ ልክ ክሊክ በምታደርጉበት ቅጽበት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ የፈለጋችሁት ሳጥን ቀርቶ ጎረቤቱ ይመረጣል። ኤክሴል ላይ የሚውል ሰው በዚህ ሊበሳጭ ይችላል። ስለዚህ ቨርቲካል ስትሞክሩ ከሁሉ በፊት የክሊኩን ልስላሴ ፈትሹ።

ሌላው፣ ረጅም ስለሆነ ከኪቦርድ ወደ እሱ ስትመለሱ ትመቱታላችሁ፣ ይወድቃል። ይለመዳል። ግን የመጀመሪያው ሰሞን ያናድዳል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ የካርፓል ተነል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቨርቲካል ማውዝና የተለያዩ የአንጓ መደገፊያዎች ተሰጥቷቸው በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ተለካ። የአንጓው አቀማመጥ ተቀየረ፤ ግፊቱ ግን አልቀነሰም። ስለዚህ «ካርፓል ተነልን ያድናል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ቨርቲካል የሚመቸው ክንዱ ለሚዝለው ሰው ነው። ለደነዘዘ ጣት ግን ዋስትና የለውም።

ትራክቦል፦ እጅ ይቀመጣል፣ ኳሱ ይሠራል

ትራክቦል ላይ ማውዙ ከቦታው አይነቃነቅም። ከርሰሩን የሚነዳው ኳሱ ነው። ትከሻና ክንድ እረፍት ያገኛሉ፤ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ወደር የለውም። ትከሻው ወይም የአንገቱ ሥር ለሚይዘው ሰው ቅድሚያ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም።

በአውራ ጣት የሚዞረው ሰው ቶሎ የሚለምደው ነው። የሎጂቴክ ኤርጎ ኤም575 እና ኤምኤክስ ኤርጎ የዚህ ወገን ናቸው። ኤምኤክስ ኤርጎ ከሥሩ ያለውን ሳህን በማንቀሳቀስ በ20 ዲግሪ ማዘንበል ይቻላል፣ የክንዱንም መጠምዘዝ በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል። ኤም575 እንደተሠራ ነው፤ አይዘነብልም። ችግሩ ሁለቱም ሥራውን ሁሉ በአንድ ጣት ላይ መከመራቸው ነው። ያ ጣት ደግሞ ስልክ ላይ ስንጽፍ የሚደክመው ያው አውራ ጣት ነው። ማውዙን አስቀምጦ ስልክ፣ ስልኩን አስቀምጦ ማውዝ፤ ጅማቱ መቼ ይረፍ? የአውራ ጣታችሁ ሥር አሁኑኑ የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ዓይነት አትግዙ። አለቀ።

በጣቶች የሚዞረው ኳሱ መሃል ላይ ነው፣ ትልቅም ነው። የኬንሲንግተን ኤክስፐርት ማውስ ኳስ 55 ሚሊሜትር ነው፤ የኤም575 ግን 34። ትልቅ ኳስ በሁለት በሦስት ጣት፣ ሲያሰኛችሁም በመዳፍ ይዞራል። ሥራው ስለሚከፋፈል አንድ ጅማት ብቻውን አይለፋም። ቅርጹ ግራና ቀኝ እኩል ስለሆነ በግራ እጅም ይሠራል። ጉድለቱ ቁመቱ ነው። ከፍ ስለሚል እጅ ከአንጓው ቀና ይላል፤ ያ ደግሞ ቅድም ያልነው የአንጓ ግፊት ነው። ከፊቱ መደገፊያ ያስፈልገዋል፣ ወይም ክንዱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ድራግ ማድረግ በሁለቱም ያስቸግራል። ቁልፍ ይዞ ኳስ ማዞር መጀመሪያ ላይ እጅን ያወዛግባል። ፎቶ የሚያስተካክል ወይም ዲዛይን የሚሠራ ሰው ይህን አስቦ ይግባበት።

ትራክቦል ጽዳትም ይፈልጋል። ኳሱ የሚያርፈው በሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ላይ ነው። ከእጅ ላይ ያለው ወዝና አቧራ እዚያ ይጋገራል፤ አንድ ቀን ከርሰሩ እየተንገጫገጨ መሄድ ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ኤም575ን ገልብጡት፣ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ እስክሪብቶ አስገብታችሁ ኳሱን ገፋ አድርጉት። ሦስቱን ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና መልሱት፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ተራው ማውዝስ?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ የሠሩት የመጀመሪያው ማውዝ የእንጨት ሳጥን ነበር። ያን ጊዜ ይዞት የሚውል ሕዝብ አልነበረም። የዛሬው ተራ ማውዝ ግን ለመጣል የሚያበቃ ጥፋት የለበትም። ምንም ለማያመው ሰው፣ መጠኑ ልክ የሆነና ቀለል ያለ ተራ ማውዝ ከማይመች ቨርቲካል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከ60 እስከ 70 ግራም የሚመዝኑ የጌም ማውዞች አሉ፤ ከባዶቹ የቢሮ ማውዞች እጥፉን ይመዝናሉ። ቀኑን ሙሉ ሲገፉት ክብደቱ ይታወቃል።

የምጠላው አንድ ዓይነት አለ፤ ከላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ የተሠራው ትንሽዬ ጠፍጣፋ ማውዝ። መዳፍ የሚያርፍበት ስለሌለው በጣት ጫፍ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ለጉዞ ይሁን። ለየቀኑ ሥራ ግን አይሆንም።

ከኪቦርዱ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ እንደ ዘንግ የሚንከባለል ማውዝም አለ። እጅ ወደ ቀኝ መዘርጋቱ ይቀራል፣ ሁለቱም እጆች ይጠቀሙበታል፤ ለትከሻ ግሩም ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ታችፓድ ለአጭር ሥራ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም።

ከመግዛታችሁ በፊት

እጃችሁን ለኩ። አንጓው ላይ ካለው መታጠፊያ መስመር እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ከ19 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ወደ ትንንሾቹ ሂዱ፤ ሎጂቴክም ሊፍትን የሚመክረው ለዚያ ነው።

አሁን ያላችሁን ማውዝ ፍጥነትም አስተካክሉ፤ ምናልባት መግዛቱ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። 1,000 ዲፒአይ ማለት ማውዙ አንድ ኢንች ሲሄድ ከርሰሩ 1,000 ፒክስል ይጓዛል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፍጥነት ማስተካከያ ካልተነካ፣ 1,920 ፒክስል ስፋት ያለውን ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ እጃችሁ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። 1,600 ላይ ብታደርጉት 3 ሴንቲሜትር ይበቃል። በጣም ካሳደጋችሁት ደግሞ ከርሰሩ አልያዝ ይላል፤ እሱን ለማስቆም ጣቶች ይወጠራሉ።

ኪቦርዱንም እዩት። በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች ያሉት ረጅም ኪቦርድ ማውዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ክንድ ተዘርግቶ ይውላል፣ ትከሻ ይከፍላል። ቁጥር የማትጽፉ ከሆነ አጭር ኪቦርድ መግዛት አንዳንዴ ከአዲስ ማውዝ የበለጠ ይረዳል። ክንድ የሚያርፍበት ነገርም አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ እጅን ከማይጠመዝዝ ማውዝ ጋር የክንድ መደገፊያ ሲጣመር የአንገትና የትከሻ ችግርን ሊቀንስ እንደሚችል አግኝቷል፤ ለእጅና ለክንድ ግን ያን ያህል ውጤት አላየበትም።

ግራኞች ምርጫችሁ ጠባብ ነው። የግራ ሊፍት፣ መሃል ኳስ ያለው ትራክቦል፣ ወይም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ተራ ማውዝ። ቁልፎቹን ማገላበጥ በኮምፒውተሩ የማውዝ ማስተካከያ ውስጥ አለ።

ሲቻል መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ግዙ፤ ሱቅ ቆሞ ለአምስት ደቂቃ መጨበጥ ስለ ምቾቱ ብዙም አይነግራችሁም። አዲሱን ገዝታችሁ ስትመጡም አሮጌውን አትጣሉት። ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው ብትሠሩ ያው ጡንቻ ቀኑን ሙሉ አይለፋም። ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ይሠራሉ፤ አንዱን ለመጠቀም ሌላውን መንቀል አያስፈልግም።