አባዬን ከኢመርጀንሲ ወንበር ላነሳችልን ነርስ

ለንደን ያላችሁ የጉበት በሽተኛ የምታስታምሙ ወገኖቼ እባካችሁ ይቺን አንብቧት። አባዬን ጉበቱን የጎዳው ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ሲሮሲስ ደርሷል፣ ማለትም ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ጠጥሯል (ሰው ጉበት ሲባል መጠጥ ይመስለዋል፣ እሱ እኮ ጠላ እንኳን ለአመት በዓል ካልሆነ አይቀምስም)። ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። አምና ሆዱ ተወጥሮ ትንፋሽ ባጠረው ቁጥር ይዤው የምሮጠው ኢመርጀንሲ ነበር፣ አንዴማ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ላይ ነው ያደረው፣ ጎንበስ ማለት አቅቶት ጫማውን እኔ ነኝ ያወለቅኩለት፣ ከዛ አልጋ ተገኝቶ ውሃው የተቀዳለት በሶስተኛው ቀን። ሰራተኞቹን አልወቅስም፣ ልቡ የቆመ ሰው እየመጣባቸው ምን ያድርጉ። ግን የአባዬ ውሃ በየሶስት ሳምንቱ እንደሚሞላ እየታወቀ ለምን ድንገተኛ ይሆናል?

ይሄንን የገባት የጉበት ነርሷ ናት፣ ዴይ ዩኒት፣ ማለትም ታክሞ በዛው ቀን ወደ ቤት የሚመለስበት ክፍል፣ አስገባችው። አሁን በቀጠሮ ጠዋት እንገባለን፣ ትመዝነዋለች፣ ደም ትወስዳለች፣ ቦታውን በአልትራሳውንድ አይታ አደንዝዛ ቀጭን ቱቦ ታስገባለታለች፣ ብርዝ የመሰለው ውሃ ወደ ከረጢቱ ሲወርድ አባዬ ዳዊቱን ይደግማል። ባለፈው 8 ሊትር ወጣለት። ብዙ ውሃ ሲወጣ የደም ግፊቱ ወርዶ ኩላሊቱ እንዳይጎዳ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን በደም ስሩ ይሰጡታል፣ ለወጣው ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ግራም ገደማ፣ ኢንፌክሽን እንዳይኖር ደግሞ ከውሃው ትንሽ ላብራቶሪ ይሄዳል። ቱቦው በዛው ቀን ይወጣና ማታ እራቱን እቤቱ ይበላል።

ጨው ቀንሱ ስትለን እኛ እኮ ወጥ ውስጥ ጨው ካቆምን ቆየን ብዬ ተከራከርኳት፣ እስቲ ቅመሙን ንገሪኝ አለችኝ፣ ለካ ከአገር ቤት የሚላክልን በርበሬ ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል! ይሄንን ከስንት ዶክተር አልሰማሁም። እኔንና ወንድሜንም ለሄፓታይተስ ቢ ካልተመረመራችሁ ብላ የወተወተችን እሷ ናት፣ ነፃ ሆነን ተገኘንና ክትባቱን ጀመርን።

ኢመርጀንሲ ጭራሽ አትርገጡ እያልኩ አይደለም። ፍሪጃችን ላይ የለጠፍነው የሷ ወረቀት አለ፣ ደም ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትኩሳትና የሆድ ህመም ከመጣ ወይ መዘባረቅ ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ 999 ደውሉ ይላል።

የናንተም ሰው ሆዱ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ እስኪወጠር አትጠብቁ፣ ሐኪሙን ቀን ገብቶ ቀን የሚወጣበት ዴይ ዩኒት አላችሁ ወይ በሉት፣ ሁሉም ሆስፒታል ላይኖረው ይችላል ግን ካልተጠየቀ ዝም የሚሉም አሉ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ የት እንደሆነ የቸገረው በውስጥ ይጻፍልኝ እነግራለሁ። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አባዬ ትናንት ጫማውን ራሱ አሰረ።