የተበሳሳው ቱቦ፦ ከሁለት ዙር ሩዝ በኋላ

የሩዝ ማሳ መቼ ውሃ እንደሚፈልግ ለማወቅ አፈር ውስጥ የሚተከለው ይህ ዕቃ ሲያዩት ያስቃል። 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ዙሪያውን ተበሳስቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ ከስልክ ጋር አይገናኝ። ስገዛ አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ "ቀዳዳ ነው የገዛኸው?" ብሎ ሳቀብኝ። ግማሹ ልክ ነበር፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስት ቱቦ ነው የገዛሁት። አሁን 10 ወር ሆነኝ፤ ሁለት ዙር ሩዝ አጭጄባቸዋለሁ። ማሳዬ ሩብ ሄክታር ነው፤ አፈሩ ውሃ የሚይዝ ሸክላማ። ውሃ የምስበው በናፍጣ ፓምፕ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሄ ዕቃ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው የሚወሰነው ውሃው በማን እጅ እንዳለ ነው።

ከዚህ በፊት የማጠጣው በዓይኔ ነበር። አፈሩ ብቅ ሲል ካየሁ ፓምፑን አስነሳለሁ። ሩዝ ውሃ ላይ ካልቆመ ይሞታል ብዬ ነው የኖርኩት። ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሩዝ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ አየር የሚያወርድ መተላለፊያ በውስጡ አለው። ሌላ ሰብል ሥሩ ታፍኖ በሚበሰብስበት ጭቃ እሱ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ውሃ ውስጥ መቆም ቻለ ማለት ግን ሁልጊዜ ፈለገው ማለት አይደለም። የተኛው ውሃ ትልቁ ሥራ አረም ማፈን ነው። ላዩ ደርቆ ስታዩት ከሥር ያለው አፈር ለቀናት ውሃ እንደጠገበ ይቆያል። ሥሩም ከዚያ ይጠጣል።

ቱቦው የሚያሳያችሁ ያንን የተደበቀ ውሃ ነው። 20 ሴንቲሜትሩ ይቀበራል፣ 10 ሴንቲሜትሩ ከአፈር በላይ ይቀራል። ውስጡ የገባው ጭቃ እስከ ታች ድረስ ይወጣል። ከዚያ ውሃው በቀዳዳዎቹ ገብቶ በአፈሩ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር እኩል ይቆማል። ውሃው ከአፈሩ ወለል 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲል ታጠጣላችሁ፤ ማሳው ላይ 5 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ እስኪተኛ። ከዚያ እስኪወርድ ትጠብቃላችሁ። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ይህን 15 ሴንቲሜትር ምርት የማይጎዳ ልክ አድርጎ ነው የሚመክረው። የውሃ ቁጠባውም እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል ይላል።

አስቡት እስኪ። በሩብ ሄክታር ላይ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ማስተኛት ማለት 125 ሺህ ሊትር ነው። በኔ ፓምፕ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ይህን ያህል ውሃ ለአንድ "ብቅ ያለ አፈር" ስል ነበር የማፈሰው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭንቀት ናቸው። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ውሃው አይነሳም፤ አረሙ እንዳይቀድም። ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በየማለዳው እንበረከካለሁ። ምልክት የሠራሁበትን ቀጭን እንጨት እሰዳለሁ፣ አወጣለሁ፣ እርጥቡን ከደረቁ እለያለሁ። 6 ሴንቲሜትር። በማግስቱ 9። ላዩ ነጣ፣ ጭቃው ቆዳ አወጣ፣ እጄ ፓምፑን ካላስነሳሁ አለኝ። እንጨቱ ግን "ገና ነው" ይላል። አንድ ቀን እንጨቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ነክቶ ደነገጥኩ። ትንሽ እንቁራሪት ገብታ ቤት ሠርታለች። እስከ አጨዳ ድረስ አብረን ነው የለካነው።

የማሳ ጎረቤቴ ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ከክትሩ ላይ ቆመው የደረቀውን ወለል አዩና "ልጄ፣ ሩዙ ጠማው እኮ!" አሉኝ። ቱቦውን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። "እሱስ አለ" አሉና ሄዱ። ማመናቸውን እንጃ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ አንድ ከባድ ጥፋት አጠፋሁ። ለአራት ቀን ከማሳ ራቅሁ፤ ስመለስ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ቱቦው ታች ድረስ ባዶ ነው። አፈሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ፓምፑን አስነሳሁ። 3 ሰዓት አለፈ፣ 4 አለፈ፣ ውሃው ወለሉን ሊሸፍን አልቻለም። ሸክላማ አፈር ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ያልፋል። በሳምንት ያተረፍኩትን ናፍጣ በአንድ ቀን መለስኩት። ይሄ ዘዴ ስንፍናን አይወድም። ማሳው ጋ በየቀኑ መድረስ ካልቻላችሁ የዱሮው ይሻላችኋል።

ስለ ዕቃው ጥራት ልንገራችሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ግን ቀዳዳዎቹ ትንንሽና ጥቂት ነበሩ፤ በሁለት ሳምንት በጭቃ ተደፈነ። ውጭ ውሃ ተኝቶ ውስጡ 12 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ያሳየኛል። ይህን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ ማሳው ላይ ውሃ በተኛበት ቀን የውስጡና የውጭው እኩል መሆኑን ተመልከቱ። እኩል ካልሆነ ቱቦው ይዋሻል፤ ነቅላችሁ እጠቡት። ሻጩን ስጠይቅ "አፈርህ ነው ችግሩ" ተባልኩ።

ተናድጄ ከቤት የተረፈ የፒቪሲ ቱቦ ቆረጥኩ። ወፍራም ሚስማር እሳት ላይ አግዬ በየ2 ሴንቲሜትሩ በሳሁት፤ ቀዳዳው ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አፉ ሰፋ ብሎ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ ውሃው በደንብ ይታያል፣ ማጽዳቱም ይቀላል። ከተገዙት ሁለት ደህናዎች በምንም አያንስም። ጓደኛዬ ግማሽ ልክ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። ቀርከሃ ካላችሁ ቀርከሃም ይሆናል፤ ወፍራም የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስም። ገንዘባችሁን ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቱቦው የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ማሳዬ የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር። በአንደኛው ዙር ቱቦዎቹን ከክትሩ ፈቀቅ አድርጌ፣ ለእይታ በሚመቸኝ በኩል ተከልኩ። በሰሜን በኩል ያለው ጥግ ግን ከሌላው በግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ቱቦው "15 ደረሰ" ሲለኝ እዚያ ጥግ ከ20 አልፏል። ችግሩ ያፈጠጠው ሩዙ ሲያብብ ነው። ሩዝ ውሃ ጥምን ጨርሶ የማይችለው ያኔ ነው፤ ከማበቡ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አበባው ካለፈ እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ውሃ ተኝቶ መቆየት አለበት። እኔም አስተኝቻለሁ። ያ ጥግ ግን ውሃው ሳይሸፍነው ቀረ። ሲታጨድ ዛላውን በእጄ ይዤ ጨመቅሁት፦ ግማሹ ገለባ ብቻ፣ ውስጡ ፍሬ የለም። ቀጥ ብሎ የቆመ ዛላ ከሩቅ ያምራል። ፍሬ የያዘው ግን አንገቱን የደፋው ነው።

ከሁለተኛው ዙር በፊት አንድ ሙሉ ቀን ማሳውን ሳስተካክል ዋልኩ። ውሃ ለቅቄ፣ ብቅ ያለውን ጭቃ እየጎተትኩ ወደ ጎድጓዳው መለስኩ። ያ ቀን ከሦስቱ ቱቦዎች በላይ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ። ቱቦ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ደልድሉ።

ዩሪያም ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። እንደ ልማዴ በተኛ ውሃ ላይ በተንኩት፤ ከዚያ ማሳው ደረቀ፣ እንደገና ረጠበ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አፈር ሲደርቅ አየር ይገባል፣ ናይትሮጅኑ መልኩን ይለውጣል፤ ውሃ ሲመለስበት ደግሞ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። አሁን ዩሪያውን የምበትነው ወለሉ ደረቅ ሲል፣ ልክ ከማጠጣቴ በፊት ነው። ውሃው ወደ ሥሩ ይዞት ይወርዳል። በሁለተኛው ዙር ቢጫው አልተመለሰም።

አረሙ በዝቷል። በዚህ አልዋሻችሁም። የተኛ ውሃ የሚያፍነው አረም ወለሉ ሲደርቅ ቀና ይላል። አንደኛው ዙር ላይ ወገቤ አለቀ። ለሁለተኛው በመስመር ተክዬ በእጅ የሚገፋ ባለ ጥርስ ማረሚያ ተጠቀምኩ፤ በመስመሮቹ መሃል እየሄደ አረሙን ጭቃ ውስጥ ይቀብራል። በመስመር ካልተተከለ አይሠራም።

በመስመር ለመትከል ስወስን ችግኙንም በ12 ቀኑ፣ አንድ አንድ እያደረግሁ፣ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ተከልኩ። ይሄ አተካከል የራሴ ፈጠራ አይደለም። አንሪ ደ ሎላኒዬ የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ማዳጋስካር ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሲሠሩ ያጠናቀሩት ዘዴ አካል ነው። ስለ ምርቱ የሚወራውን ሁሉ ተመራማሪዎች እኩል አይቀበሉትም፤ ክርክሩ ከፍተኛ ነው። እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር፦ ከአንዲት ቀጭን ችግኝ ያን ያህል ግንድ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቁጥሩ ይኸው። ከቱቦው በፊት የነበረውን ወቅት በደብተር ይዤው ስለነበር ማወዳደር ቻልኩ። ያኔ 21 ጊዜ አጠጥቼ ፓምፑ 63 ሰዓት ሠራ፤ 50 ኪሎ የሚይዝ 22 ጆንያ አገኘሁ። የመጀመሪያው ዙር ከነስንጥቁ 58 ሰዓት፣ 21 ጆንያ። ሁለተኛው 48 ሰዓት፣ 25 ጆንያ። ዝናቡ በየወቅቱ እኩል ስላልሆነ ሁሉንም ለቱቦው አልሰጠውም። ጭማሪውን ሦስት ጆንያ ደግሞ ከነጭራሹ አልሰጠውም፤ እሱ የድልደላው፣ የአተካከሉና የዩሪያው ነው። ቱቦው ምርት አይጨምርም። ናፍጣ ይቀንሳል። "ምርትዎን በእጥፍ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ሌላም ትርፍ አለው፤ ለኪሴ ባይገባም። ውሃ የተኛበት አፈር አየር ስለማያገኝ በውስጡ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ያመርታሉ፤ ማሳው በየመሃሉ ሲደርቅ ግን ይህ ጋዝ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጥሩ ነገር ነው።

ለማን አይሆንም? ውሃ በተራ ለሚደርሳቸው። የቦዩ ውሃ በየስምንት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ እንጨቱ "አሁን አጠጣ" ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ተራችሁ ሲደርስ ደግሞ ቱቦው "ገና ነው" ቢልም ውሃውን አትመልሱትም። እዚያ ቱቦው የሚጠቅመው ተጋሪዎቹ በሙሉ ተስማምተው ተራውን በእሱ ሲያወጡ ነው። የውሃ ክፍያችሁ በማሳው ስፋት ከሆነ፣ ማለትም ብትቆጥቡም ባትቆጥቡም ያው ከሆነ፣ በየማለዳው የምትንበረከኩበት ምክንያት አይታየኝም። አሸዋማ አፈር ላይም ውሃው ቶሎ ስለሚሸሽ ብዙ አትጠብቁ። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ማሳ ደግሞ ውሃው 15 ላይ ላይደርስም ይችላል። ፓምፕ ላላቸው፣ ናፍጣ በራሳቸው ለሚገዙ ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ሠርታችሁት እንጂ ገዝታችሁት አይደለም።

ጥንካሬውን በተመለከተ፦ ፕላስቲኩ በፀሐይ ትንሽ ነጥቷል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አንዱን የሰበርኩት እኔው ነኝ። ከአጨዳ በፊት ሳልነቅለው ቀርቼ በእግሬ ረገጥኩት። አሁን ውሃውን ለመጨረሻ ጊዜ ሳፈስስ፣ ከአጨዳው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አብሬ እነቅላቸዋለሁ።

ለሦስተኛው ዙር ችግኙ መደብ ላይ ነው። ራሴ የሠራሁትን ሰሜናዊው ጥግ ላይ ተክየዋለሁ።