የፋንቶማን ሰማያዊ ፊት ባሕር ዳር ላይ ማሳተም
ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ማተሚያ ቤቶች አንዱ፣ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን የድሮ አሜሪካ ኮሚኮች በፍላሽ ተቀብሎ በቀለም ሌዘር አትሞ ይጠርዛል። ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የንግግር አረፋው ውስጥ ያለው ጽሑፍም ሳይደበዝዝ ይነበባል። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነው።

የኮሚክ ጀግናዋ ፋንቶማ የወጣችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1940 በጀንግል ኮሚክስ ቁጥር 2 ነው፤ ታዋቂዋ ወንደር ውማን እንኳ የመጣችው ከእርሷ በኋላ፣ በ1941 መጨረሻ ነው። ፋንቶማ የሠዓሊው ፍሌቸር ሃንክስ ሥራ ናት። ስትቆጣ ፊቷ ሰማያዊ የራስ ቅል ይሆናል፣ ወርቃማ ፀጉሯ ግን እንዳለ ይቆያል። ይህን ያህል ደፋር ሥዕል ተረስቶ መቅረቱ ያስቆጫል። ማሽኑ በራሱ ቀለም እንዲያስተካክል ከተተወ፣ የአሮጌውን ወረቀት ቢጫነት ለማጥፋት ሲል ገጹን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ይስበዋል። ያኔ ጤነኛው ፊትም ግራጫ ይሆንና ለውጡ አይታይም። ስለዚህ ማስተካከያውን አስጠፍታችሁ፣ ፊቷ የሚለወጥበትን አንድ ገጽ ብቻ በቅድሚያ አሳትሙ።

የዚያ ዘመን ኮሚክ ገጽ 197 በ267 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኤፎር ላይ በልኩ ይገባል። ስካኑ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ከሆነ ወደ 2325 በ3150 ፒክስል መሆን አለበት፤ በጣም ካነሰ የሥዕሉ የቀለም ነጠብጣቦች ይጨማለቃሉ። በልኩ ሲታተም በግራና በቀኝ የሚተርፈው 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስፓይራል ካዘዛችሁ ቀዳዳው ሥዕሉን ይበላዋል። የሚሻለው ኤስሪ ወረቀት አጥፎ መሐሉን በስቴፕል መምታት ነው፤ ለ64 ገጽ 16 ወረቀት ይበቃል። በ80 ግራም ወረቀት የመሐሉ ገጾች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ስለሚገፉ፣ ጠርዙ መጨረሻ ላይ ይቆረጥ።

ከፋንቶማ ጋር ውማን ኢን ሬድን አብራችሁ ብትጠርዙ ጥሩ ነው። በማርች 1940 የወጣች፣ ቀይ ካባና ጭንብል የምታጠልቅ ፖሊስ ናት። በኦገስት 1941 የመጣችው ፋንተም ሌዲም አትቅር፤ ዋችሜን በተባለው ኮሚክ ያለችው ሲልክ ስፔክተር በከፊል ከእርሷ የተቀዳች ናት። የሠዓሊዋ ታርፔ ሚልስ ሥራ የሆነችው ሚስ ፊዩሪ ግን የእሑድ ጋዜጣ ሥራ ስለሆነች ገጿ ሰፊ ነው፤ ኤፎር ላይ ስትጨመቅ ጽሑፉ አይነበብም፣ በኤስሪ ለብቻዋ አሳትሟት።

ክረምት ላይ የጣና እርጥበት የገባው ወረቀት ይጠቀለልና ማሽኑ ውስጥ ይቀረቀራል፤ አዲስ ደስጣ እንዲከፈት ጠይቁ።