የወባ ትንኝ እጮችን አመጋገብ ለማጥናት የተጠቀምንበት የዲኤንኤ ንባብ አገልግሎት

በበቆሎ ማሳ ዳር ካሉ ኩሬዎች የሰበሰብናቸው የአኖፊለስ አረቢየንሲስ (የወባ ትንኝ ዝርያ) እጮች ምን እንደሚበሉ ለማወቅ ስንነሳ ማይክሮስኮፕ ብዙ አላራመደንም፤ በአንጀታቸው ውስጥ የሚታየው አረንጓዴና ቡናማ ድብልቅ ምን ከምን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ አንጀታቸውን በአልኮል አድርገን ውጭ አገር ላለ የዲኤንኤ ንባብ አገልግሎት ላክን።

ሥራው በአብዛኛው የሚመሰገን ነው። የአንድ ትልቅ እጭ አንጀት በመርፌ ተስቦ ሲወጣ ከክር ቁራጭ አይበልጥም፤ የአገልግሎቱ ባለሙያዎች ግን የዋቅላሚን (በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ አልጌ) ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ በጥቃቅን ዶቃዎች ሰባብረው በቂ ዲኤንኤ አውጥተዋል። እጭ ያልገባበት ባዶ ናሙናም አብረው አንብበዋል። ኬሚካሎቹ ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ይህ ባይኖር ኖሮ ውጤቱን ለማመን እቸገር ነበር።

ያሳዘነኝ ሪፖርቱ ነው። ባክቴሪያዎችን ለመለየት በሚያገለግለው 16ኤስ በተባለው ዘረመል የተሠራው ዝርዝር ባክቴሪያዎችን ብቻ ይዞ መጣ። ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በተክልና በዋቅላሚ ሕዋስ ውስጥ በብርሃን ምግብ የሚሠራው ክፍል፣ ጥንት ከባክቴሪያ የመጣ በመሆኑ የራሱ 16ኤስ አለው፤ ከንባቡ በፊት ዲኤንኤው ሲባዛ አብሮ ይባዛል፣ አብሮም ይነበባል። ባክቴሪያ ብቻ ለሚያጠና ሰው ይህ የሚጣል ጉድፍ ነው፤ ለእኛ ግን ዋቅላሚውና የአበባ ብናኙ፣ ማለትም የእጮቹ ምግብ፣ ያለው እዚያው ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የበቆሎ የአበባ ብናኝ የዚህችን ትንኝ እጮች እድገት እንደሚያፋጥን ስላሳየ፣ ይህን መረጃ ሳይጠይቁን መጣላቸው ቀላል ጥፋት አይደለም። ደግነቱ ጥሬ መረጃውን ስንጠይቅ ሳያንገራግሩ ላኩልን፤ የተጣለውንም መልሰን አገኘነው።

18ኤስ የተባለው፣ በእንስሳትም በተክልም በዋቅላሚም ውስጥ የሚገኘው ዘረመል ንባባችን ግን አብዛኛው የትንኟ የራሷ ዲኤንኤ ሆኖ ቀረ። የትንኟ ዲኤንኤ እንዳይባዛ የሚያግድ ፕራይመር (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) አስቀድሞ ማዘዝ ነበረብን፤ አገልግሎቱም ይህን ሊነግረን ይገባ ነበር። አንዳንድ አረንጓዴ ዋቅላሚዎች በእጭ አንጀት ሳይፈጩ ስለሚያልፉም፣ ዲኤንኤው ተገኘ ማለት እጮቹ በዚያ አደጉ ማለት አይደለም፤ ለዚህ እጮቹን በዚያው ምግብ አሳድጎ ማየት ያስፈልጋል።

ለባክቴሪያ ጥናት አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ዋቅላሚና የአበባ ብናኝ የሚፈልግ ግን አርቢሲኤል የተባለው የክሎሮፕላስት ዘረመል እንዲነበብለት ይዘዝ፤ ጥሬ መረጃው ሙሉ በሙሉ እንደሚሰጠውም ናሙናውን ከመላኩ በፊት በውሉ ላይ ያስጽፍ።