ታግ እንደ እምቦጭ ሲወርስ፦ ኦብሲዲያንን እንዴት እንዳጸዳሁት

ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ማስታወሻዬ ሁሉ ስልኬ ላይ፣ ኦብሲዲያን በሚባለው የኖት አፕ ውስጥ ነው ያለው። ለግል በነፃ ነው፣ ፋይሉም እዚያው ስልኩ ላይ ስለሚቀመጥ ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለኝም። ስለ አፑ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ታግ ብቻ ነው፣ ኖትን በኋላ ለማግኘት # አስቀድመን ስለምንጽፈው መለያ ቃል።

ባለፈው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ስንሄድ ጀልባው ላይ አንዱ እንግዳ «አጽማቸው እዚያ ያረፈው የትኞቹ ነገሥታት ናቸው?» አለኝ። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ፋሲለደስ ብዬ አምስተኛው ድርግም አለብኝ። ኖቱን ስከፍት #ዳጋ #ገዳም #ደሴት #ነገሥታት #አጽም #ጣና #ጀልባ #ወንዶች_ብቻ እያለ፣ ሁሉም በቀለም ተከቦ ግማሽ ስክሪን ሞልቷል። ፍሬ ነገሩ ከታች ነው። ዘድንግልን ፈልጌ እስካገኘው ሰውዬው ወደ ፔሊካኖቹ ዞሮ ፎቶ ያነሳል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ታግ በጨመርኩ ቁጥር «ይጠቅመኛል» እያልኩ እንደ እምቦጭ ውሃው እስኪጠፋ ድረስ ለቀቅኩት። በዚያ ላይ የኛ ፊደል አለ። አንድ ቀን #ሥዕል፣ ሌላ ቀን #ስዕል፣ ሲቸኩለኝ #ስእል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለአፑ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ታጎች ናቸው። ምሕረትና ምህረት፣ ሥላሴና ስላሴም እንደዚያው። ክፍት ቦታም አይቀበልም፦ #ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትሉ የሚይዘው «ኡራ»ን ብቻ ነው።

መፍትሔው መጀመሪያ መንቀል ነው። ታግ ራንግለር የሚባል ፕለጊን (አፑ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) አለ፣ የአንዱን ታግ ስም ወደ ሌላው ስትቀይሩት ኖቶቹ ውስጥ ሁሉ ገብቶ ያዋህዳቸዋል። ሥዕልን በንጉሡ ሠ አጸናሁት፣ አለቀ። ገዳማቱን ደግሞ በሰያፍ መስመር ከፋፈልኳቸው፣ #ገዳም/ዘጌ፣ #ገዳም/ደቅ እያልኩ፤ ገዳም ብዬ ስፈልግ ሁሉም ይመጣል፣ የታግ ዝርዝሩም ሲታጠፍ አንድ መስመር ነው።

ከዚያ የቀሩትን ከጽሑፉ መሀል አውጥቼ አናቱ ላይ ወዳለው ፕሮፐርቲስ፣ ስለ ኖቱ መረጃ ወደሚሞላበት ሳጥን አዛወርኳቸው። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 1.4 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ እዚያ # መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። ሴቲንግ ውስጥ ኤዲተር ጋ ገብታችሁ ፕሮፐርቲስ ኢን ዶኪዩመንት የሚለውን ሂድን (Hidden፣ ድብቅ) ስታደርጉት ከዓይን ይጠፋሉ፣ ፍለጋው ግን እንደ ድሮው ያገኛቸዋል። የናርጋ ሥላሴ ገዳምን ኖት ስከፍት አሁን መጀመሪያ የሚታየኝ ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት እንጂ የቀለም ክምር አይደለም።

ያልወደድኩትም አለ። ሂድን ካላችሁ ታጉን ብቻ ሳይሆን ፕሮፐርቲስ የተባለውን ሁሉ ነው የሚደብቀው፣ ያውም በሁሉም ኖት ላይ። እኔ የጀልባ ዋጋ የምጽፈው እዚያ ነበር፣ እሱም አብሮ ጠፋ፤ ለማየት ጥሬ ጽሑፉን ወደሚያሳየው ሶርስ ሞድ እቀይራለሁ። እንግዳ ፊት ዋጋ ባይታይ ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ።

መደበቁን ካልፈለጋችሁ ታጉን ግራጫ አድርጎ የሚያደበዝዝ ሲኤስኤስ ስኒፔት (የአፑን መልክ የሚቀይር ትንሽ ፋይል) መጨመር ይቻላል፣ ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቀላል ነው። አንድሮይድ ላይ ግን ፋይሉ የሚገባበት ፎልደር ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ፋይል ማናጀሩ ይደብቀዋል፣ የተደበቁትን አሳይ ካላላችሁት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። እኔ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ፣ ሻዩም ቀዘቀዘ።

አንድ ታግ ግን ሆን ብዬ ጽሑፉ ውስጥ ተውኩት፣ #ወንዶች_ብቻ የሚለውን። እሱ እንኳ ዓይኔን ይውጋኝ። ባልና ሚስት አሳፍሬ ክብራን ገብርኤል ደጅ ከደረስኩ በኋላ ትዝ እንዲለኝ አልፈልግም።