«አንዱ ሲወድቅ ሌላው በራሱ ይተካዋል» ለተባለ የሁለት ሰርቨር ክላስተር የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በሐዋሳም ሆነ በአካባቢው ከተሞች ሥራቸው እንዳይቋረጥ የሁለት ሰርቨር ክላስተር (አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ የተጣመሩ ሁለት ማሽኖች) ለመግዛት ለተዘጋጁ የድርጅት ባለቤቶችና ኃላፊዎች ነው። እኔ የምሠራበት የመድኃኒት ማከፋፈያ ይህንኑ ገዝቶ ሙሉ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ የደረሰበት ጉዳት በሌላው ላይ እንዳይደገም እፈልጋለሁ።

በርክክቡ ዕለት ባለሙያዎቹ ከሁለቱ ሰርቨሮች የአንዱን የኃይል ገመድ ነቀሉ፤ ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዳታቤዙ በሁለተኛው ላይ ተነሣ፤ እኛም ረክተን ፈረምን። ይህ ግን ከፈተናዎች ሁሉ የቀለለው ነበር። ፈጽሞ የጠፋ ማሽንን ማንኛውም ክላስተር ይለያል፤ የሚከብደው በርቶ ሳለ ሥራውን ያቆመውን መለየት ነው።

የተገጠሙልን ፔስሜከር (አገልግሎቶችን የሚያስነሣውና የሚያዛውረው) እና ኮሮሲንክ (ሰርቨሮቹን የሚያገናኘውና ድምፃቸውን የሚቆጥረው) በነጻ የሚገኙ፣ በሚገባ ከተዋቀሩም አስተማማኝ የሆኑ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም። ፔስሜከር አንድን አገልግሎት በየጊዜው የሚፈትሸው ሞኒተር የተባለው ተግባር ከተዋቀረለት ብቻ ነው፤ የፍተሻው ጥልቀትም አገልግሎቱ በተመዘገበበት መንገድ ይወሰናል። የእኛ ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ እንደ ተራ የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) አገልግሎት ስለተመዘገበ፣ ፍተሻው ፕሮግራሙ መነሣቱን ከመጠየቅ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዳታቤዙ ሃንግ አድርጎ (በርቶ ሳለ መልስ መስጠት አቁሞ) ገንዘብ ተቀባዮቻችን ደንበኛ አሰልፈው ሲጠብቁ፣ ክላስተሩ ሁሉም ደህና መሆኑን ያሳይ ነበር። መጠይቅ ልኮ መልሱን የሚያረጋግጥ ኤጀንት የተባለ መፈተሻ ፕሮግራም ለዚሁ ዳታቤዝ ተዘጋጅቶ ሳለ አለመጠቀማቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ሁለቱ ሰርቨሮች መኖር አለመኖራቸውን እርስ በርስ የሚጠያየቁት በአንዲት ትንሽ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች ማገናኛ) በኩል ብቻ ሲሆን፣ እሷም ከዩፒኤሱ ውጭ ተራ ሶኬት ላይ ተሰክታ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹና የቢሮው ኔትወርክ በዩፒኤስና በጀነሬተር ቀጠሉ፤ ትንሿ ስዊች ግን ጠፋች። እያንዳንዱ ሰርቨር ጓደኛው የሞተ መስሎት አገልግሎቱን ለራሱ ወሰደ፤ ሁለቱ የያዙት የኔትወርክ አድራሻ አንድ ስለሆነም ለ3 ሰዓት ያህል የሽያጭ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በአንዱ፣ የመጋዘኑ በሌላው ላይ ሲመዘግቡ ቆዩ። ዲስኮቹን የሚያመሳስለው ዲአርቢዲ መብራት ሲመለስ ሁለቱ ቅጂዎች መለያየታቸውን አውቆ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ምክንያቱም ከሁለቱ የትኛው እንደሚጣል መወሰን ያለበት ሰው ነው። የመጋዘኑን መዝገብ ጥለን፣ ወጪና ገቢውን ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና አስገባን። የመድኃኒት የምርት ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያለበት መዝገብ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ይህን የሚከላከለው ፌንሲንግ ወይም ስቶኒዝ የሚባለው አሠራር ነው፤ አንዱ ሰርቨር የሌላውን ሥራ ከመረከቡ በፊት በሰርቨሩ ውስጥ ባለው የርቀት መቆጣጠሪያ (በዴል አይድራክ ወይም በኤችፒ አይሎ) በኩል ኃይሉን አጥፍቶ መሞቱን ያረጋግጣል። ፔስሜከር በመነሻ ቅንብሩ ይህ መሣሪያ ካልተዘጋጀለት አገልግሎት አያስነሣም፤ ስለዚህ የሚቸኩል ባለሙያ የስቶኒዝ ቅንብሩን «ፎልስ» (ጠፍቷል) ብሎ ያልፈዋል። የእኛም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። በሁለት ሰርቨር ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ክላስተር ሥራ የሚቀጥለው በአብላጫ ድምፅ ነው፣ እያንዳንዱ ሰርቨርም አንድ ድምፅ አለው፤ ከሁለት ድምፅ አብላጫው ሁለት በመሆኑ አንዱ ብቻውን እንዲቀጥል ኮሮሲንክ ልዩ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ከፌንሲንግ በቀር የሚያግደው የለም። በሌላ ቦታ የተቀመጠ አነስተኛ ማሽንን ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ ማድረግ ይቻላል፤ ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ለሻጩ ስናመለክት «ውሉ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተሠርቷል» የሚል መልስ ተሰጠን፤ እውነትም ውሉ «አውቶማቲክ ፌይልኦቨር» (አንዱ ሲወድቅ ሌላው በራሱ መተካቱ) ከማለት በቀር ምንም አልዘረዘረም። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነውና፣ ለድርጅት ሥራ የሚገዛ ሁሉ ዋነኛ መከላከያው በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠረው ውሉ ነው። ስለዚህ ከክፍያው ላቅ ያለውን ድርሻ አቆይታችሁ፣ ሁለት ፈተናዎች በፊታችሁ እንዲደረጉ አስጽፉ፤ አንደኛው ዳታቤዙን ሳያጠፉ በ«ኪል» ትእዛዝና በ«ስቶፕ» ምልክት አደንዝዘው ክላስተሩ ሲያውቅና ሲተካው እንዲያሳዩአችሁ፣ ሁለተኛው ሁለቱም ሰርቨሮች በርተው ሳሉ በመካከላቸው ያለውን ገመድ ነቅለው አንዱ ብቻ ሲቀር እንዲያሳዩአችሁ ነው። ገዝታችሁ የጨረሳችሁ ደግሞ የስቶኒዝ ቅንብሩን ዛሬውኑ በስክሪን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ «ፎልስ» የሚል ከሆነ እስኪስተካከል ድረስ አውቶማቲክ ርክክቡን አስቁማችሁ በሰው እጅ ብቻ እንዲከናወን አድርጉ።